የመሪጌታ ላቀው ካሴት

ልጄ የሺ ባለፈው ሰሞን ቤቴ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠችና የስልኳን ካሜራ አልኮል በነካ ጥጥ መወልወል ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ወረታ ጠፋችብኝ። በደጃችን የሚጮኸው ባጃጅ፣ ከሩዝ መፈልፈያው እየተነሳ ጣራችን ላይ የሚያርፈው የገለባ ብናኝ፣ ጓዳ ውስጥ ምስር የምትለቅመው ባለቤቴ፣ ሁሉም ሄዱና ራሴን በነጭ ካፖርትና በካልሲ በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቆሜ አገኘሁት። አልኮል ሲሸተው ሐኪም ቤት ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኔን ትዝ የሚለኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ትዝታው የደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

የዛሬ ልጆች ምስል ከየት እንደሚመጣ አይጠይቁም። ጣታቸውን ሲያሳርፉ ይመጣል። እኔ በሠራሁበት ዘመን ግን የክልሉ ሕዝብ የሚያየው ፕሮግራም ሁሉ የሚወጣው በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ፣ ከአንድ ጠባብ ክፍል፣ ከካሴት ነበር። ካሴቱ እንደ ዳዊት መጽሐፍ ደጎስ ያለ ነው። ማጫወቻው ደግሞ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ከባድ ብረት ነበር፤ ካሴቱን ሲውጥ እንደ በሬ ይተነፍሳል። ሁለት ማጫወቻዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሲያሰራጭ ሌላው ቀጣዩን ካሴት ጎርሶ ይጠብቃል። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ዓይኔን ከሰዓቱ ሳልነቅል «አምስት፣ አራት፣ ሦስት» ብዬ ቆጥሬ እጫናለሁ። ከዘገየሁ አገሩ ሁሉ ጥቁር መስኮት ያያል። ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ምስሉን ከካሴቱ ላይ የሚያነብ ቡጢ የሚያህል ክብ ብረት አለ፤ ሄድ እንለዋለን። እሱን በየማለዳው በአልኮል አጸዳለሁ። እንደ የሺ በጥጥ አይደለም፤ ጥጥ ክር ይተዋል። በለስላሳ ቆዳ፣ ከጎን ወደ ጎን ብቻ ነው የሚጠረገው፤ ከላይ ወደ ታች የጠረገ ሰው ሄዱን ሰብሮ ያርፋል። አቧራ እንዳይገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው። አብሮኝ የሚሠራው አስማረ የሚባል ቀልደኛ ሰው በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ «ካህኑ ፈንታሁን፣ ቅዳሴ ተገብቷል ወይስ ደርሰናል?» ይለኛል። እኔ አልስቅም። ሳቅ ሥራ ያበላሻል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ከዚያ ብዙ አልራቅሁም።

እዚያ ክፍል የገባሁት በትምህርት አይደለም። የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ፊደል የቆጠርኩትም በመሪጌታ ላቀው ደጅ ነው። መሪጌታ ላቀው የደብሩ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከቅጽሩ አልፎ መስክ ላይ ያለ ከብት ቀና ያደርጋል ይባል ነበር። ይበልጥ የሚደነቁት ግን መቋሚያ ይዘው ከዜማው ጋር በሚወዛወዙበት በዝማሜያቸው ነው። ዝማሜ ላይ ሲደርሱ መቋሚያቸው የሚሄድበት መንገድ፣ ትከሻቸው የሚሰበርበት ልክ፣ ከመምህራቸው የተቀበሉት ሌላ ደብር የማይገኝ አካሄድ ነበር። ዜማው በምልክት ብራና ላይ ይጻፋል፤ የሰውነት አካሄድ ግን አይጻፍም። ከሰው ወደ ሰው በዓይን ነው የሚሄደው። እኔ ዳዊት ደግሜ ወደ ዜማው ስሻገር ጉሮሮዬ እምቢ አለ። አንድ ቀን መሪጌታ በተማሪዎቹ ፊት «ፈንታሁን፣ ጆሮ አለህ፤ ጉሮሮ የለህም። ሂድ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ። መሪጌታ እውነታቸውን ነበር። እውነት መሆኑ ግን ያን ቀን አላጽናናኝም።

ወረታ ገብቼ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ አፍ ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ጥግ ሬዲዮ መጠገን ጀመርኩ። ወረታ ያኔ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት የጭቃ ቤቶች ነበረች። ሩዝ ገና እንግዳ ነው፤ ገበሬው «የፈረንጅ ጤፍ» እያለ ይስቅበት ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ቦንቦሊኖ ጨምሮ ወዳጁን ይጋብዛል። ጎበዛዝቱ ካኪ ቁምጣና የጎማ ጫማ ነበር ልብሳቸው፤ ሸራ ጫማ የተጫማ ሰው ሲያልፍ ልብስ ሰፊው ሳይቀር መርፌውን አቁሞ ያየዋል። ገበሬ ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልሎ እንደታመመ ሕፃን ታቅፎ ይመጣና «ድምፁ ታፈነ፣ እስቲ እየው» ይለኛል። ስጠግነው መንገዱ በዘፈን ይሞላል፤ የይፋግ ገበያተኛ አህያውን አቁሞ ያዳምጣል። በቀበሌው ግቢ ደግሞ ከፍ ባለ እንጨት ላይ በብረት ሣጥን የተቆለፈ አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ሲመሽ ይከፈትና ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ «ፈንታሁን፣ ኧረ አንቴናውን!» ይባላል፤ እኔ እወጣለሁ። እዚያ ላይ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት የሰዉ ፊት በሰማያዊ ብርሃን ታጥቦ ይታየኝ ነበር። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ የማሽን መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት ለዚያ ብርሃን ብዬ ነው። የክልሉ ጣቢያ ሠራተኛ ሲፈልግ ተፈተንኩ፣ ዲፕሎማ ያላቸውን አልፌ ተቀጠርኩ። ያለ መምህር የተማረ ሰው ደግሞ አንድ በሽታ አለበት፤ ሕግ ያጠብቃል። እኔ አጠበቅሁ።

ካሴት ብርቅ ነበር። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሲያልቅ ይለመናል፣ ይጠበቃል። ስለዚህ ተሰራጭቶ ያለቀ ፕሮግራም ይጠፋና በላዩ ላይ ሌላ ይቀረጻል። ከካሴቱ ጀርባ ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች፤ እሷ ከተደፈነች ማሽኑ በላዩ ላይ አይቀርጽም። የትኛው ካሴት ይኑር፣ የትኛው ይጥፋ የምለው እኔ ነበርኩ። ሄዱም ብርቅ ነው፤ በዞረ ቁጥር ያልቃል። ስለዚህ «የሚጠፋ ካሴት ከመጥፋቱ በፊት እየተጫወተ አይታይ፤ ጽሑፉ ይበቃል» የሚል ሕግ አወጣሁ። አስማረ አንድ ቀን «ሳያዩ ማረድ አይሆንም ወይ?» ቢለኝ «የምናርደው ምስል ነው እንጂ በግ አይደለም» አልኩት። የጣቢያውን እስክሪብቶ ቤቱ የወሰደን ሰው በስብሰባ ላይ አስነስቼ የገሠጽኩም እኔው ነኝ።

አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀ። የጣቢያው የካሜራ ቀራጮች ወደ ቁሐር ሄደው ውሃውን፣ ከብቱን፣ ጉብታ ላይ የወጣውን ሰው ቀረጹ። ካሴቱ ሲመለስ ጀርባው ላይ በእርሳስ «ቁሐር፣ ክረምት» ተብሎ ተጽፏል። ከውሃው ለዜና የሚሆነው ተቆርጦ ተሰራጨ። ቀራጩ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፣ ካሴቱም መደርደሪያ ላይ ቀረ። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። ለፎገራ ሰው የአምናን ጎርፍ ማስቀመጥ የአምናን ጭቃ ማስቀመጥ ነው፤ ዘንድሮም መምጣቱ አይቀርም።

በዚያው ዓመት የሺ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ሆና በተማሪዎች የጥያቄና መልስ ውድድር አንደኛ ወጣች። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ነጭ ሪባን አስራ፣ መልሱን እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ስትናገር እኔ በማሽኑ ክፍል ሆኜ አሰራጨኋት። አስማረ «ልጅህ ነች? አንተን ሳትመስል ተርፋለች» አለኝ። ያን ቀን ብቻ ሳቅሁ። ፕሮግራሙ እንደሌላው ሁሉ ሊጠፋ ነው። እኔ ደግሞ እንዳይጠፋብኝ ፈለግሁ። ባዶ ካሴት የለም። ከመደርደሪያው «ቁሐር፣ ክረምት» የሚለውን አወጣሁና የልጄን ፕሮግራም በላዩ ገለበጥኩ። ቀይዋን ቁልፍ ደፈንኩ፤ ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። ውሃ ነው፣ ብዬ ነው። ለራሴም ለዓመታት ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት መሪጌታ ላቀው አረፉ። ሳይቆይ ልጃቸው ጥሩወርቅ የደብሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዛ፣ በአውቶቡስ ስትንገላታ ውላ ጣቢያው ደጅ መጣች። በልጅነት ስለምንተዋወቅ እኔን አስጠራች። ነገሩን ያን ጊዜ ከእሷ ሰማሁ። ቀራጮቹ ለጎርፉ ቁሐር የሄዱ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ተጠግተው አድረው ነበር፤ የመሪጌታን ዝማሜ ሲሰሙ ካልቀረጽን አሉ። መሪጌታ «ዝማሬ ለፈጣሪ ነው፤ ለመስኮት አይደለም» ብለው እምቢ አሉ። እግራቸው ላይ ወድቃ የለመነቻቸው ጥሩወርቅ ነች። ለእሷ ሲሉ ጸናጽላቸውን አንስተው ቆሙ። አሁን ለተዝካራቸው ደብሩ ምስሉን ማየት ይፈልጋል፤ ተማሪዎቻቸውም ከአካሄዳቸው የጎደላቸውን ሊያዩበት ይጠብቃሉ።

ሁሉን ሰማሁ። ተነሥቼ መደርደሪያውን ፈተሽኩ፤ እንደሌለ እያወቅሁ አንድ በአንድ እያነሳሁ አየሁ። ከዚያ ተመልሼ ፊቷ ቆምኩ። ጠፋ ብላት ማን አጠፋው ትላለች፤ ደብዳቤው ወደ ኃላፊ ይሄዳል፤ በላዩ የተቀረጸው ምንድን ነው ይባላል። እስክሪብቶ የወሰደውን ሰው ያስነሳሁበት ስብሰባ ታየኝ።

«ጥሩወርቅ፣ ምስሉ አልያዘም» አልኳት።

«አልያዘም ማለት?»

«ሲቀረጽ ማሽኑ አልተቀበለውም። ውሃው አለ። መሪጌታ ግን የሉም።»

«ምንም? ጥላቸውም?»

«ጥላቸውም።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነችው። «እሳቸው እምቢ ብለው ነበር» አለች። «ያስገደድኳቸው እኔ ነኝ። መልአኩ አልፈቀደም።» ደብዳቤውን አጥፋ ወደ ጉያዋ መለሰችና ሄደች። «አይደለም፣ እንዲህ አይደለም» የምልበት ጊዜ ነበረኝ። ከቢሮው ደጅ እስከ መንገዱ ድረስ አምስት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ እሷ ደግሞ ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። በመስኮት አየኋት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ወደ ማሽኔ ገባሁ።

ከወራት በኋላ ለዕረፍት ወረታ መጥቼ ቁሐር ያለችውን እኅቴን ለገበያ ወጥታ ሳገኛት «የመሪጌታ ልጅ ከነፍስ አባቷ ከባድ ቀኖና ተቀበለች» አለችኝ። «አባቴን መልአኩ የማይወደው ነገር ውስጥ አስገብቻለሁ ብላ ነው። ረቡዕና ዓርብ በቅጽሩ ዙሪያ ስትሰግድ ጉልበቷ ቆሰለ።» እኔ «እግዜር ይቀበላት» ብዬ ጨው ገዝቼ ሰጠኋት። ለዚያ አፌ ዛሬም ስም የለኝም። ከዚያ በኋላ ለቁሐር ሚካኤል ክብረ በዓል ሄጄ አላውቅም። እኅቴ ለምን ስትለኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ጥሩወርቅን ወረታ ገበያ ከሩቅ ካየሁ መንገድ እለውጣለሁ። የሚገርመው፣ በዚያ ዘመን ሁሉ ልጆቼን ስለ ውሸት አስተምር ነበር። የሺ የእህቷን እርሳስ ሰብራ «አላየሁም» ያለች ጊዜ ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን እያለቀሰች ስትመጣ «ውሸታም ሰው ቤት አይሠራም» አልኳት። ያን ስናገር ካሴቱ ከአልጋዬ ሥር ሣጥን ውስጥ ነበር።

ማሽኖቹ ከዚያ ወዲህ አለቁ። መጀመሪያ መለዋወጫ ጠፋ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ፤ እነዚያ ከባድ ብረቶች ወደ መጋዘን ተወስደው አቧራ ለበሱ። ጡረታ ስወጣ ሊጥሏቸው ሲያወጧቸው አይቼ በእጄ ዳሰስኳቸው። ወጣቶቹ ሠራተኞች ሳቁብኝ። ለማሽኑ አዝኜ መስሏቸው ነበር። እኔ ያሰብኩት አሁን ማንም መጥቶ «እስቲ ያን ካሴት አጫውት» ሊለኝ አይችልም ብዬ ነው። ደስ አለኝ። ያ ደስታ ከውሸቱ አያንስም፤ አሁን ስመዝነው እንዲያውም ይከፋል።

እንግዲህ የሺ ካሜራዋን እየወለወለች የመጣችበትን ጉዳይ ነገረችኝ። የሺ ዛሬ ወረታ አስተማሪ ነች፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ታገለግላለች። ከመሪጌታ ላቀው ተማሪዎች ያንን ዝማሜ ከነአካሄዱ የያዙ አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ የኔታ ጥበቡ። እሳቸውም እግራቸው እየከዳቸው ነው። ለሚመጡት ተማሪዎች እንዲቀር ልትቀርጻቸው ጠየቀች፤ የኔታም እሺ አሉ።

«ደብሩ ግን እምቢ አለ፣ አባባ» አለች። «እማሆይ ጥሩወርቅ በጉባኤ ላይ ተነሥተው አለቀሱ። ከዚህ ቀደም መልአኩ አልፈቀደም፤ ጥላቸው እንኳ አልያዘም አሉ። ሌላ ሰው በኔ ስሕተት እንዳይገባ ብለው ተማጠኑ። አንድ ሽማግሌ ምስክር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ማንን እንደጠሩ ያውቃሉ?»

«ማንን?» አልኳት።

«እርስዎን። ‹ባለማሽኑ ፈንታሁን በሕይወት አለ፤ ሐሰት የማይናገር ሰው ነው፤ ጠይቁት› አሉ። ሽማግሌዎቹ የሚቀጥለው እሑድ መጥተው ይናገሩ ብለዋል። እውነት ነው ወይ? እንዴት ብሎ ነው ማሽን ውሃውን ይዞ ሰውየውን የማይዝ?»

ልጅ አስተምሬያለሁና ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። ማሽን እንዲያ አያደርግም። አንድ ቃል ብጨምር ነገሩ ይዘጋል፤ የኔታ ጥበቡም እንደ መምህራቸው ይዘውት ይሄዳሉ። «የሺ፣ ያቺን ጥጥ አስቀምጫት» አልኩና ነገርኳት። ቶሎ ቶሎ አልነገርኳትም። ከእሷ ውድድር ጀምሬ እስከ ጥሩወርቅ ደብዳቤ ድረስ ነገርኳት። ስጨርስ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞራ አየች።

«ሣጥኑ ውስጥ ያለው?» አለች። «እንግዳ በመጣ ቁጥር አውጥተው የሚያሳዩት ካሴት?»

«እሱ።»

«እኛ እኮ ምስሉን አይተን አናውቅም። የቤት ማጫወቻ አይውጠውም ነበር። የሚውጠው የጣቢያው ማሽን ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ወሰዱት?»

«እንዲኖረኝ።»

«ለእርሳስ ሦስት ቀን አላናገሩኝም ነበር» አለች፤ ድምጿን ሳታነሳ። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ «ለሽማግሌዎቹ አልነግርም። እርስዎ ይንገሩ» አለችኝ። አባት ሆኜ ከልጄ ትእዛዝ የተቀበልኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ቁሐር ሄድኩ። ባጃጁ ጥርጊያው ላይ አወረደኝ፤ ቀሪውን በሩዙ መካከል ባለው ድንበር ላይ እየረገጥኩ ተጓዝኩ። ውሃው ገና አልሸሸም፤ የፎገራ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ። በልጅነቴ እዚህ ሁሉ ግጦሽና ጓያ ነበር፤ አሁን እስከ ዓይን ድረስ ሩዝ ነው። አንድ ገበሬ ቀና ብሎ «ወዴት ነው አባቴ፣ ሽበቱን ጭቃ ሊያስበሉት ነው?» አለኝ። «ወደ እማሆይ ጥሩወርቅ» ስለው መንገዱን አሳየኝ። ለመጠየቅ መገደዴ ከምንም በላይ አሳፈረኝ፤ የተወለድኩበት አገር ነው።

እማሆይ ከቅጽሩ አጠገብ ካለች ጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው ቆባቸውን አስተካክለው አዩኝ። ወዲያው አወቁኝ። «ፈንታሁን! መጣህልኝ? ልትመሰክርልኝ ነው» ብለው ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ። ያቺን ጉልበት ሳይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«እማሆይ፣ ካሴቱ ይዞ ነበር» አልኩ።

«ምን ይዞ?»

«አባትዎን። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በላያቸው የልጄን ምስል ቀረጽኩበት። ሲመጡ እንዳይታወቅብኝ ዋሸሁዎት። መልአኩ ምንም አላደረገም።»

እማሆይ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። «አይተሃቸው ነበር?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚፈተነው። «ውሃ መስሎኝ ነው» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ ዕድሜ ልኬን ያኖረችኝ ቃል። ግን እሷም ውሸት ነበረች። ካሴቱ ወደ መነሻው አልተጠቀለለም ነበር። ማሽኑ ሲውጠው የቆመበትን ምስል አሳየኝ። ከመጫኔ በፊት ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ያህል አየሁ።

«አይቻቸዋለሁ» አልኩ። «አውቄያቸዋለሁ። አውቄ ነው የተጫንኩት። ጉሮሮ የለህም ያሉኝ ትዝ ብሎኝ ይሁን፣ ልጄን ብዬ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

«እንዴት ነበሩ?»

«ቆመዋል። መቋሚያው ትከሻቸው ላይ ነው። ጸናጽሉ ወደ ላይ ተነሥቷል።»

«ፊታቸውስ? ተቆጥተዋል?»

ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ። ከእኔ በቀር ያን ምስል ያየ ሰው የለም፤ ከእኔ ጋር ሊሞት የነበረ ምስል ነው። «አልተቆጡም» አልኩ። «ወደ ካሜራው አያዩም ነበር። ወደ ጎን ያያሉ፣ ወደ ግራቸው። ፈገግ ብለዋል።»

እማሆይ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «እዚያ የቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በግራቸው። ከአጥሩ ሥር። እኔን ነው የሚያዩኝ።» ደጋግመው አሉት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ እኔም የምቀመጥበት አልተሰጠኝምና ቆሜ ጠበቅሁ። ሲያበቁ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «እኔ በሕዝብ ፊት ነው የተናገርኩት» አሉኝ። «በጆሮዬ የነገርከኝ አይበቃም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካው ሊቀ መንበር «ምስክሩ መጥተዋል» ብሎ አስነሳኝ። የሺ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። እኔ ስለ ማሽን ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ያን ቀን አላወራሁም። «ማሽኑ ይዞ ነበር፤ አውቄ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እማሆይ የሰገዱት ያለ ጥፋታቸው ነው» አልኩ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ማሽኑስ ንስሐ ገብቷል?» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፣ ሌሎች «ዝም በል» አሉት። አንድ ካህን «ያኔ በተዝካራቸው ላይ የመሪጌታን ምስል ጠብቀን ጠብቀን ነው የተበተንነው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚሰድበኝ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አሉ እንጂ፤ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

የኔታ ጥበቡን ሁለት ሰዎች ደግፈው አቆሟቸው። መቋሚያቸውን ሲያነሱ እግራቸው የሚያማቸው መሆኑን የረሱ መሰሉ። የሺ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ከፊታቸው ተንበረከከች። ዝማሜው ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ተሰበረ፤ መቋሚያውም እንደ ሸምበቆ ዘንበል ብሎ ተመለሰ። እኔ ያን አካሄድ ከልጅነቴ በኋላ ማየቴ ነው። ሲያበቁ የሺ ምስሉን መልሳ አጫወተችና ለተማሪዎቹ አሳየች፤ አጎንብሰው ከበቧት። ወደ እኔ አላየችም።

ሰው ሲበተን እማሆይ ጋ ሄጄ እግራቸው ላይ ተደፋሁ። ጉልበቴ ሲነካ አፈሩ እርጥብ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

እማሆይ ክንዴን ይዘው እንድነሣ አደረጉኝ፤ ለእሳቸው ዕድሜ ብዙ ኃይል ነበራቸው። ዓይን ለዓይን አዩኝ።

«ፈንታሁን፣ ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ እዋሻለሁ» አሉኝ። «ውሸት ደግሞ ባንተ ይብቃ።»